ተራ ማንኮራፋትን ከስሊፕ አፕኒያ እንዴት መለየት ይቻላል?

የሚያንኮራፋ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ጠዋት ሲነግሩት «እኔ? በፍጹም!» ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ ነገሩን መጀመሪያ የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በጩኸቱ ነው። እኔ ግን ጆሮ እንዲሰጡት የምፈልገው በጩኸቱ መሃል ለሚመጣው ዝምታ ነው።

ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚያስቸግረው በሽታ፣ መኖሩን የሚያረጋግጠው ምርመራ ብቻ ነው። ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ግን ቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻል ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን ይወቁ

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ የአየር መተላለፊያውም ይጠባል። አየሩ በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ላንቃንና እንጥልን ያርገበግባል። ማንኮራፋት ይሄ ነው። ጉንፋን ሲይዘን፣ በጣም ሲደክመን፣ አልኮል ስንጠጣ ወይም በጀርባችን ስንተኛ ማናችንም ልናንኮራፋ እንችላለን። አየሩ ሳይቋረጥ እስከገባ ድረስ የሚቸገረው በአብዛኛው አብሮን የሚተኛው ሰው ነው።

በስሊፕ አፕኒያ ግን መተላለፊያው በእንቅልፍ መሃል ጨርሶ ይዘጋል፣ ወይም በጣም ይጠባል። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ አየር ግን አይገባም። ይህ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይቆያል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። አንጎል ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ በኃይል ይተነፍሳል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ላይ ምንም ትዝ አይለውም። ሕመሙ ከባድ የሆነበት ሰው ይህ በየሰዓቱ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደርስበታል። ስምንት ሰዓት ተኝቶም እንዳልተኛ ሰው ተዝለፍልፎ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ሌላም ዓይነት አለ። ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ አንጎል ለጊዜው «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያቆማል። ይህ አንዳንድ የልብ ድካም ባለባቸውና እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የኦፒዮይድ ማስታገሻ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። ማንኮራፋት ላይኖር ስለሚችል፣ ድምፅ የለም ተብሎ የትንፋሽ መቋረጥ ችላ አይባልም።

1. ሌሊቱን ያድምጡ

ተራ ማንኮራፋት ወጥ ነው። ከፍ ያለ ቢሆንም አንዱ ትንፋሽ ሌላውን ተከትሎ ይመጣል። ሰውየውን ወደ ጎኑ ሲያዞሩት ብዙውን ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል።

አሳሳቢው ማንኮራፋት ይቆራረጣል። ድምፁ እየጨመረ ይሄድና በድንገት ቀጥ ይላል። ከዚያ ዝምታ። ቀጥሎ ሰውየው ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው አየር በኃይል ይስባል፣ ያናንቀዋል፣ ይገላበጣል። ትንሽ ቆይቶ ያው ነገር እንደገና ይጀምራል።

ዝም ሲል ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ደረቱንና ሆዱንም ይመልከቱ። ደረቱ እየታገለ የትንፋሽ ድምፅ ከሌለ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። 10 ሰከንድ የሞላው ዝምታ ደጋግመው ከቆጠሩ ለሐኪም የሚነገር ነገር አግኝተዋል።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። አፕኒያ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ ይብሳል፤ እሱ ደግሞ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው። ሰውየው እንደተኛ ለግማሽ ሰዓት አድምጦ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። ከተቻለ ወደ ንጋቱ ላይም አንዴ ነቅተው ያድምጡ። በጀርባው ተኝቶ የሚሆነውንና በጎኑ ተኝቶ የሚሆነውንም ለይተው ይያዙ፤ ሐኪሙ ይጠይቅዎታል።

2. ብቻዎን የሚተኙ ከሆነ ይቅረጹ

ስልክዎን ቻርጀር ላይ ሰክተው ራስጌዎ አጠገብ ያስቀምጡ፤ ድምፅ መቅጃውንም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይተዉት። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ የተለያዩ ሌሊቶችን ይቅረጹ። ለማንኮራፋት ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎች ይጠቅማሉ፤ ግን አንዳንዶቹ የሚቀርጹት ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ነው። የምንፈልገው ዝምታ ተቆርጦ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚቀርጸው የስልኩ ተራ መቅጃ ይሻላል። መተግበሪያም ሆነ የእጅ ሰዓት «ምንም የለብዎትም» ቢልዎት፣ በዚያ ተማምነው ምርመራ አይተዉ።

3. ቀኑንም ይመልከቱ

እ.ኤ.አ. በ1991 መሬይ ጆንስ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም የኤፕዎርዝ መለኪያ የሚባለውን የቀን እንቅልፍ መጠይቅ አወጣ። ዛሬም ድረስ ይሠራበታል። ስምንት ሁኔታዎችን ያነሳል፦ ተቀምጦ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ሕዝብ ባለበት ቦታ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ ለአንድ ሰዓት መጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት፣ ተቀምጦ ከሰው ጋር ማውራት፣ አልኮል የሌለበት ምሳ በልቶ መቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ በትራፊክ ለጥቂት ደቂቃ መቆም። ለእያንዳንዱ የማሸለብ ዕድልዎን ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይስጡት። ድምሩ ከ10 ከበለጠ የቀን እንቅልፍዎ ከልክ ያለፈ ነው።

ጥያቄው ስለ ማሸለብ እንጂ ስለ ድካም እንዳልሆነ ያስታውሱ። ደግሞም ለዓመታት በደብታ የኖረ ሰው ደብታውን እንደ ተፈጥሮው ይቆጥረዋል። ስለዚህ የቅርብ ሰውዎም ለእርስዎ ነጥብ ይስጥ። የሁለታችሁ ድምር ከተራራቀ እኔ የሌላውን ሰው አምናለሁ። ነጥቡ ዝቅ ማለቱም ብቻውን ነጻ አያወጣም፤ አፕኒያ ኖሮባቸው ቀን የማያንቀላፉ አሉ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ መርሳት፣ ነገር ቶሎ ማስከፋቱ፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ። ብዙዎች የማይጠረጥሩት ግን ሌሊት ለሽንት መመላለስ ነው። በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ሲታገል በደረት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ልብን ይለጥጣል፤ ልብ ደግሞ ኩላሊት ሽንት እንዲያበዛ የሚያደርግ ሆርሞን ይለቃል። ፕሮስቴት ወይም ስኳር ነው ተብሎ ምርመራው ምንም ካላሳየ፣ ስለ እንቅልፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሴቶች ላይ መልኩ ሊለይ ይችላል። ከጩኸት ይልቅ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና የጠዋት ራስ ምታት ጎልተው ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት «ጭንቀት ነው» ተብለው የሚመለሱ አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከማረጥ በኋላ አፕኒያ ሴቶች ላይ ይጨምራል።

4. ስምንቱን ጥያቄዎች ይመልሱ

ስቶፕ ባንግ የሚባለው የአፕኒያ ስጋት መጠይቅ ካናዳ ውስጥ ለቀዶ ጥገና ታካሚዎች ተብሎ የወጣ ነው። «አዎ» ላሉት ሁሉ አንድ ነጥብ ይያዙ፦

- በተዘጋ በር የሚሰማ ከፍተኛ ማንኮራፋት አለ?
- ቀን ቀን ብዙ ጊዜ ይደክምዎታል ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል?
- ተኝተው ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ?
- የደም ግፊት አለብዎ ወይም ለደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?
- የክብደትና የቁመት ምጣኔዎ (ኪሎዎን በሜትር ለተለካ ቁመትዎ ሁለት ጊዜ ሲያካፍሉት የሚገኘው ቁጥር) ከ35 ይበልጣል? (ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ101 ኪሎ በላይ ማለት ነው።)
- ዕድሜዎ ከ50 በላይ ነው?
- የአንገትዎ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል?
- ወንድ ነዎት?

ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ 3 ወይም 4 መካከለኛ፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። ቀጭን ሰው አፕኒያ አይዘውም ብለው ግን አያስቡ። አገጩ ወደ ኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ ትልቅ የሆነ ሰው ሳይወፍርም ሊይዘው ይችላል።

ሕፃናት ላይ ይህ መጠይቅ አይሠራም። እነሱ ላይ ዋናው መንስኤ ብዙውን ጊዜ የቶንሲልና የአዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ቶንሲል መሰል ሥጋ) ማበጥ ነው። ከማንቀላፋት ይልቅ ሊቅበጠበጡ፣ ትምህርት ላይ ማተኮር ሊያቅታቸው ወይም ካቆሙ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ሊጀምሩ ይችላሉ። ጉንፋን ሳይኖርበት ሌሊት ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅ ለሐኪም ይታይ።

5. ወደ ሐኪም ሲሄዱ

የቀረጹትን ድምፅ፣ የሁለቱን መጠይቆች ነጥብና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ። አብሮዎት የሚተኛው ሰው ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ምርመራው የእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል ውስጥ በማደር ወይም ቤት በሚወሰድ መሣሪያ ይካሄዳል። የቤቱ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ አፍንጫ ስር ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶና ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ አለው። ውጤቱ ትንፋሽ በሰዓት ስንቴ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። ለአዋቂ ከ5 በታች ጤናማ፣ ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። የቤቱ ምርመራ «የለም» ቢልና ምልክቶቹ ግን ግልጽ ከሆኑ፣ አድረው የሚመረመሩበትን ይጠይቁ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ሁኔታዎች አሉ። እየነዱ ካሸለቡ መንዳቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። በብዙ መድኃኒት እንኳ አልወርድ ያለ የደም ግፊት ወይም የልብ ምት መዛባት ካለብዎ የእንቅልፍ ምርመራውን አያዘግዩ። ቀዶ ጥገና ካለብዎ ደግሞ ጥርጣሬዎን ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ፤ ማደንዘዣና ጠንካራ ማስታገሻ ጉሮሮውን የባሰ ያላላሉ።

አፕኒያ ከተገኘ ሕክምና አለው። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ ሐኪም አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረገው ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርጋል። ታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ የአፍ መሣሪያም አለ። ክብደት መቀነስም ይረዳል።

ውጤቱ ተራ ማንኮራፋት ነው ካለ በጎን መተኛት፣ ማታ ማታ አልኮል መተውና የታፈነ አፍንጫን ማሳከም ይሞከራል። «ማንኮራፋት ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከምርመራ በፊት አይግዙ፤ ድምፁ ጠፍቶ የትንፋሹ መቋረጥ ሊቀጥል ይችላል። ክብደትዎ ከጨመረ ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከጀመረዎ ደግሞ የድሮው ውጤት አያገለግልም፤ እንደገና ይመርመሩ።