አሜሪካን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እኛ ባዶ እጃችንን መጥተን በአምስት ዓመት ቤት ገዛን። እነሱ እዚሁ ተወልደው እስካሁን ኪራይ!»

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ስነዳ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ተራ ስንጠብቅ፣ ቡናችንን ይዘን፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን እንዲህ ይወራል። እኔም ብዬዋለሁ። ኋላ ማታ ማታ ሶሲዮሎጂ ስማር ነው ስህተቱ የገባኝ።

መጀመሪያ፣ ማን እንደመጣ አንርሳ። ዲቪ የደረሰው ሁሉ አይገባም። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ፣ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው መሆን አለበት። የኤምባሲውን ክፍያ፣ የሕክምና ምርመራውንና ትኬቱን የሚችል ኪስ ወይም ዘመድም ያስፈልገዋል። በስደተኝነት የመጣው ወገናችን መንገዱ ሌላ ነው። በዲቪ የመጣነው ግን በወንፊት ያለፍን ነን። የተነፋን ዱቄት ካልተነፋው ጋር አስተያይቶ «ይሄኛው ላመ» ማለት ፍርድ አይሆንም።

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉ ይከፋል። የዛሬውን ሰው እያዩ የትናንቱን ሕግ አለማየት ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፈለ። ቀይ የተቀባው ሰፈር ለብድር «አደገኛ» ተባለ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ከሞላ ጎደል ሁሉ ቀይ ነበር። በ1934 መንግሥት ለቤት ብድር ዋስ መሆን ሲጀምር እነዚያን ሰፈሮች አለፋቸው። ነጩ ሠራተኛ በትንሽ ቅድመ ክፍያ ቤት ሲገዛ፣ እኩል ደመወዝ ያለው ጥቁር የሥራ ባልደረባው ተከራይ ሆኖ ቀረ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው።

እዚህ አገር ደግሞ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ዋናው ነገር ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ በጀትም በከፊል ከሰፈሩ የቤት ግብር ጋር የተያያዘ ነው። የፌዴራል ሪዘርቭ (የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ) የ2022 ጥናት ውጤቱን ያሳያል። መሀል ላይ ያለው የነጭ ቤተሰብ ሀብት 285,000 ዶላር ነው፤ የጥቁሩ 44,900። ተራ ስንጠብቅ «ስንፍና» የምንለው ይህን ልዩነት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ያደላውን የኢሚግሬሽን ኮታ የሻረው ሕግ የጸደቀው በ1965 ነው፤ ከሲቪል መብቶች ሕግ አንድ ዓመት በኋላ። እኛ የገባንበትን በር በመክፈት ረገድ ለሲቪል መብቶች የታገሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሰልፈኞች እጅ አለበት። ውለታ ነው።

ሦስተኛ፣ ብዛትንና መጠንን አናምታታ። አሜሪካ ውስጥ በቁጥር ብዙ ድሃ ያለው ከነጮች መካከል ነው። ከመቶ ስንቱ ድሃ ነው ሲባል ግን የጥቁሮቹ ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ መዝዞ መከራከር ሰው ማሳሳት ነው።

«አሜሪካኖች ማኅበራዊ ኑሮ የላቸውም» የሚለውም ሌላው ነው። ዕድርና ማኅበር ፈልገን ስናጣ እንደዚያ እንላለን። አንድ ክረምት በረዶ ጉልበት ድረስ ወርዶ ነበር። ማለዳ ስወጣ ከበሬ እስከ መኪናዬ ያለው መንገድ ተጠርጎ አገኘሁት። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው አዛውንት ጎረቤቴ አካፋቸውን ይዘው ወደ ቀጣዩ በር እያመሩ ነበር። ቤት ገብተው ቡና ጠጥተው አያውቁም። የአሜሪካኖች መተሳሰብ በሌላ ልማድ በኩል ይመጣል። በቤተ ክርስቲያናቸው፣ በልጆች ስፖርት ቡድን፣ በበጎ ፈቃድ ሥራ።

የመጨረሻው፣ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን አንድ ሕዝብ አድርጎ ማየት ነው። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ከዚያ ሳጥን ሥር የዘር ሐረግህን ጻፍ ይል ነበር። ለምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከል «ኢትዮጵያዊ» አለበት። እኔ እሱን ልጽፍ ስል እዚሁ የተወለደችው ልጄ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታነብ ነበር።

«አባዬ፣ ለእኔ ሁለቱንም ጻፍልኝ» አለችኝ። «አፍሪካን አሜሪካንም ነኝ።»

ሁለቱንም ጻፍኩላት።