ባልደረባችሁ «ደበረኝ» ሲል እንዴት ትረዱታላችሁ?

«ደበረኝ» የማንልበት ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ደበረን፤ ስብሰባ ሲረዝም ደበረን። ስለዚህ አንዱ የምሩን ሲለው ጆሮ አንሰጠውም።

ጎንደር ውስጥ ሆቴል ስሠራ ሪሴፕሽን ላይ አንድ ባልደረባ ነበረን። ጎብኚው ሲቀንስ እሱም ዝምታ አበዛ። ዛሬ ጨጓራዬን፣ ነገ ራሴን ይላል። እኛ «ሥራ ሽሽት ነው» አልን። ተሳስተን ነበር። ድብርት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ የአካል ሕመም መስሎ ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። መከፋቱ፣ ወይም ነገር ሁሉ አልጥም ማለቱ፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ 2 ሳምንት ከዘለቀ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱም ከተዛባ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከዚያ ብቻውን አግኙት። ቡና ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ አይሆንም። ከሥራ ስትወጡ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር እየሄዳችሁ አውሩ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን ስለማይገጣጠሙ አፍ ይፈታል። «ምን ሆነሃል?» ብላችሁ አታፋጥጡት፤ ያያችሁትን ንገሩት። «ሰሞኑን ምሳ አብረኸን አትበላም፤ እንቅልፍህስ እንዴት ነው?» በቃ፣ ከዚያ ስሙት። «አይዞህ፣ ያልፋል» ቶሎ ከመጣች ወሬውን ትዘጋዋለች።

«ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ቃል ካወጣ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አይጭርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አብራችሁት ሂዱ፤ ለደከመው ሰው ካርድ ማውጣት ራሱ ተራራ ነው። ጸበል እጠመቃለሁ ካለ አትከራከሩት፣ ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ በሉት። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ከዚያ በፊት ነው።

እሱ ሳይፈቅድላችሁ ለአለቃ አትንገሩ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሐኪም ማስረጃ ካለው የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

ሲመለስ እንደ ተሰባሪ ዕቃ አትያዙት፤ ሥራውን ብቻ አቅልሉለት። የኛው ሰው መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ያንገላጀው ስለነበር ከሰዓት እንዲገባ አደረግን። የሌሊት ፈረቃውን እኔ ወሰድኩለት።