ጥለት ከማሠራታችሁ በፊት የቀለም ክብን እወቁ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ጨዋታው ሁሉ ልብስ ይሆናል። ምን ዓይነት ጥለት ላሠራ የማይል የለም። ብዙ ሰው ግን የሚወዳቸውን ቀለማት በሙሉ አንድ ቀሚስ ላይ ያስገባና ለምን እንዳላማረ ግራ ይገባዋል። መላው ቀላል ነው።

ወረቀት ላይ ክብ ሣሉና እንደ ሰዓት 12 ቦታ ክፈሉት። 12 ላይ ቀይ፣ 4 ላይ ቢጫ፣ 8 ላይ ሰማያዊ ቀቡ። እነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ቀይና ቢጫ ሲደባለቁ ብርቱካናማ ይወጣል፣ 2 ላይ ይገባል። ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ቦታው 6 ነው። ሰማያዊና ቀይ ደግሞ ወይን ጠጅ፣ 10 ላይ። በተረፉት ስድስት ቦታዎች ግራና ቀኝ ያሉትን ደባልቃችሁ ሙሉ። በውሃ ቀለም ራሳችሁ ሥሩት፤ ስልክ ላይ ከማየት በእጅ ሲሠሩት ቶሎ ይገባል።

አሁን ምርጫው ይቀላል። ጎን ለጎን ያሉ ቀለማት አይጣሉም፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ አንድ ላይ ሞቅ ያለ ጥለት ይወጣቸዋል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ግን አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል፦ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ቢጫ ከወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል፣ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ዓይን የቱ ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም። አንዱ ይብዛ፣ ሌላው ቀጭን መስመር ይሁን። ሦስት ቀለም ከፈለጋችሁም ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ያኔም መሪው አንድ ብቻ ነው። ደፋር ካልሆናችሁ አንዱን ቀለም ብቻ ከደማቁ እስከ ፈዛዛው ተጠቀሙ፣ በነጭ ሸማ ላይ በጣም ያምራል።

ይሄን በደንብ ማየት የሚፈልግ እዚያው ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወደ ጣሪያው ሥዕል ቀና ይበል። የመላእክቱ ፊትና ክንፍ በጠቆረ መስመር ተከቧል። ደማቅ ቀለማት ተጠጋግተው እንኳ የማይዋጡት አንድም በዚያ መስመር ነው። ጥለት ላይም ይሠራል፦ ቀይና አረንጓዴ ፊት ለፊት ከመጡባችሁ በመሀላቸው ጥቁር ወይም ወርቃማ ክር እንዲያስገባ ለሸማኔው ንገሩት።

ሌላው የሚረሳው ድምቀትና ፍዘት ነው። የመረጣችሁትን ክር በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ጥለቱ ከሩቅ ተድበስብሶ ይታያል፤ አንዱን አጥቁሩት ወይም አንዱን አፍዝዙት።

ክሩን ደግሞ ሱቅ ውስጥ አትወስኑ። ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ደጅ አውጡት፣ ቢጫ አምፖል ሰማያዊን ያደበዝዘዋል።