ዳገት ላይ የሚግል ሞተር፦ ሦስት ቀን የፈጀብን ችግርና መፍትሔው

የመኪና ውድድር ለማየት ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ፣ ከውርጌሳ ወደ ውጫሌ በሚያወጣው ዳገት ላይ የመኪናችን የሙቀት መለኪያ ወደ ቀዩ መስመር ወጣ፤ ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትሄድ ግን ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ውኃ ሞላን፤ ሐይቅ ከተማ ሳንደርስ ደግማ ጋለች። ደሴ ላይ የራዲያተሩን (የሞተሩን ውኃ የሚያበርደውን ክፍል) ክዳን፣ በማግሥቱም ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ መጠን ለውኃው መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) አስቀየርን። እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ቁልቁለት በመሆኑ የዳነች መሰለን፤ ያሳሳተንም ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆማ እንደገና ስትግል፣ የራዲያተሩ ፋን ጨርሶ እንደማይዞር አየን። ሜዳ ላይ ራዲያተሩን ያበርድ የነበረው ነፋሱ ብቻ ነበር፤ ዳገት ላይ በዝግታ ስንወጣ ግን በቂ ነፋስ አያገኝም። ሞተሩን አጥፍተን፣ እጃችንንም ከፋኑ አርቀን፣ የፋኑን ሶኬት ነቅለን በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ብናገናኘው ዞረ። ፊውዙም አልተቃጠለም። የቀረው ሪሌው (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ስለነበር፣ የእግሮቹ አቀማመጥና የተጻፈበት ቮልትና አምፔር አንድ መሆኑን አረጋግጠን የክላክሱን ሪሌ በቦታው ስንተካው ፋኑ ሥራውን ጀመረ። አዲስ ሪሌ ገዝተን ክላክሱን ወደነበረበት መለስን፤ የጣርማበርን ዳገትም መለኪያው ከመሐል ሳያልፍ ወጣን።