የባሕር አሳሾችን ጉዞ ከሱሉልታ ሜዳ ላይ ሆኖ እንዴት ማስጠናት ይቻላል?

የአውሮፓ አሳሾችን ታሪክ ለልጆች የሚያስተምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስምና ከዓመት ይጀምራል። ኮሎምበስ 1492፣ ቫስኮ ዳ ጋማ 1498፣ ማጄላን 1519 እያለ ያስጽፋል፤ ልጁም ፈተናው እስኪያልፍ ይይዝና ይረሳዋል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ሳስጠና ለረጅም ጊዜ የሄድኩት በዚሁ መንገድ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ «የብስ በማይታይበት ባሕር ላይ የት እንደደረሱ በምን ያውቁ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝና የረባ መልስ አጣሁለት። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የማሳየው ጥያቄውን በእጅ ሥራ መመለስ የሚቻልበትን መንገድ ሲሆን፣ የጉዞዎቹ ዓመቶችና ቀኖች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የሙከራዎቹ ወሮችና ቀኖች ግን በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመው ቦታና ወቅት ይምረጡ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ላለ ሰው የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከቆመበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ የኮከቡን ከፍታ የለካ ሰው ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ የሚታየው በ9 ዲግሪ ከፍታ ብቻ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን፣ ኮከቡ ከአንድ ጭብጥ እጅ እንኳ ከፍ አይልም ማለት ነው። እንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ተራራው ይጋርደዋል፤ መሐል ከተማ ያለው ደግሞ በመብራቱ ብዛት አያየውም። እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጫንጮ የሚዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩልም ሰሜኑ ክፍት የሆነ ሜዳ አይታጣም። ክረምቱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የበጋ ምሽት፣ የተገለበጠ «ሠ» የመሰሉ አምስት ከዋክብት በሰሜን በኩል ከፍ ብለው ስለሚታዩ፣ ከእነርሱ በታች ዝቅ ብሎ ለብቻው የሚያበራውን ኮከብ ይፈልጉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ እንደ ጭልፋ የተደረደሩ ሰባት ከዋክብት ይወጣሉ፤ በጭልፋው አፍ ዳር ያሉትን ሁለቱን በሐሳብ መስመር አገናኝቶ የመካከላቸውን ርቀት አምስት ጊዜ ያህል ወደፊት መቀጠል ወደ ሰሜን ኮከብ ያደርሳል። ልጆቹ ጋቢ ይያዙ፤ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ጅብም ስላለ በቡድን መሄድና በጊዜ መመለስ ያስፈልጋል።

መለኪያውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጠንካራ ካርቶን፣ ክር፣ አንድ ዳዶ፣ የባዶ እስክሪብቶ ቀፎና የተማሪ ፕሮትራክተር ብቻ ነው። ከካርቶኑ ላይ እያንዳንዱ ቀጥተኛ ጠርዙ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሩብ ክብ ቆርጠው ያውጡ። በዚህ መጠን ሲሠራ እያንዳንዱ ዲግሪ በቅስቱ ላይ 5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ስለሚኖረው ለማንበብ አያስቸግርም። ቀፎውን በአንደኛው ቀጥተኛ ጠርዝ ላይ ይለጥፉ፤ ቅስቱ ከዚህ ጠርዝ ጋር የሚገናኝበትን 90፣ ከሌላኛው ጠርዝ ጋር የሚገናኝበትን 0 ብለው መካከሉን ይከፋፍሉት። ሁለቱ ጠርዞች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ክሩን አስረው ዳዶውን ያንጠልጥሉበት። ይህ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበት ቱንቢ ነው፤ ልጆቹም በየሰፈሩ ቤት ሲሠራ ስላዩት ማብራሪያ አይፈልጉም። ዓይን የሚጠጋው በቅስቱ በኩል ባለው የቀፎው ጫፍ ሲሆን ክሩ የታሰረበት ማዕዘን ወደ ኮከቡ ይዞራል። አንዱ ልጅ በቀፎው አሻግሮ ኮከቡን ሲያይ፣ ሌላው ክሩ ሲረጋ በጣቱ ይዞ ቁጥሩን ያንብብ። አምስትና ስድስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

የእኛ የመጀመሪያ ሙከራ 14 አወጣልን። ነፋሱ ክሩን እያወዛወዘ አስቸገረን፤ የያዝኩት ዳዶም ትንሽ ነበር። ሆኖም ከዚያ ስሕተት ያገኘነውን ትምህርት ከመጽሐፍ አናገኘውም ነበር። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሱሉልታ ላይ ቆሞ በአንድ ዲግሪ ብቻ አብዝቶ የተሳሳተ ሰው ራሱን ዓባይ ማዶ ባለው በጎጃም ኬክሮስ ላይ ያገኘዋል። እኛ በደረቅ መሬት ላይ ቆመን በአምስት ዲግሪ ከተሳሳትን፣ በሚወዛወዝ መርከብ ላይ የቆመ ሰው ምን ያህል ይሳሳት ኖሯል? ቫስኮ ዳ ጋማ በኅዳር 1497 በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲደርስ አስትሮላብ የተባለውን የፀሐይና የከዋክብት ከፍታ መለኪያ፣ ከእንጨት የተሠራ ትልቁን፣ ይዞ ወደ የብስ የወረደው፣ መርከቡ ላይ በትክክል መለካት ስላልተቻለ ነው። ሌላም ችግር ነበረባቸው። የሰሜን ኮከብ ዛሬ ከሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ከዋክብት ሁሉ ሲዞሩበት ከሚታዩት ነጥብ፣ የሚርቀው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ሲሆን በ1500 ገደማ ግን ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይርቅ ነበር፤ ስለዚህ የመርከብ መሪዎቹ በአጠገቡ ያሉትን ከዋክብት አቀማመጥ እያዩ መደመርና መቀነስ ነበረባቸው። በካርቶን የሚለካ የሱሉልታ ልጅ ኮሎምበስ ካየው የተሻለ ኮከብ አለው ስል ልጆቹ በጣም ይደሰታሉ።

ፖርቱጋሎች የአፍሪካን ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ በገፉ ቁጥር ኮከቡ እየዘቀዘቀ ሄዶ በምድር ወገብ ላይ ይሰወርባቸው ስለነበር ፊታቸውን ወደ ቀትር ፀሐይ አዞሩ። ይህንን በቀን ብርሃን መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ማንም ልጅ ፀሐይን በቀጥታ እንዳያይ አጥብቀው ይከልክሉ፣ የሚለካው ጥላው ነውና። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በተስተካከለ መሬት ላይ በቱንቢ አቅንተው ይትከሉ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 ወይም 12፣ ወይም በመስከረም 12 ወይም 13፣ የቀትሩ ጥላ 16 ሳንቲሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ያመለክታል፤ ከእንጨቱ አናት ወደ ጥላው ጫፍ የሚወርደው መስመር ከእንጨቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ራሱ ኬክሮሳችን ነው። በታኅሣሥ 12 ያው እንጨት 64 ሳንቲሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል፤ ነሐሴ ላይ ግን ደመናው ስለማይፈቅድ ሚያዝያን መጠበቅ ይሻላል። ጥላው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ መርከበኛው የፀሐይን የዕለት ቦታ የሚያሳይ ሠንጠረዥ መያዝ ነበረበት፤ አይሁዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አብርሃም ዘኩቶ ያዘጋጃቸው እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች በ1496 በፖርቱጋል በሌይሪያ ከተማ ታትመዋል።

ጥላው እጅግ የሚያጥረው ሰዓታችን ልክ 6 ሰዓት ሲል አለመሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ በመጋቢት ወደ 6 ሰዓት ተኩል፣ በመስከረም 6 ሰዓት ከሩብ አልፎ ነው። ምክንያቱ ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን እኛ ያለነው በ38 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ገደማ መሆኑ ነው፤ ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ልዩነቱ 25 ደቂቃ ይሆናል፣ የቀረውም እንደ ወቅቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የአሳሾቹ ትልቁ ጨለማ እዚህ ላይ ነበር። የአገሩን ቀትር ከጥላ ያውቃሉ፤ የሊዝበንን ወይም የሴቪልን ሰዓት በባሕር ላይ የሚጠብቅ መሣሪያ ግን አልነበራቸውም፤ ይህ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄዱ የሚያሰሉት የመርከቡን ፍጥነት በዓይን ገምተው፣ ጊዜውን በአሸዋ ሰዓት ቆጥረው ነበር።

ይህን የጨረሱ ልጆች የኮሎምበስን ስሕተት በቀላሉ ይረዱታል። ምድር ክብ መሆኗን በዘመኑ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቅ ስለነበር ክርክሩ በመጠኗ ላይ ነበር። ኮሎምበስ የዓረብ ሊቃውንት የለኩትን የአንድ ዲግሪ ርዝመት ከዓረቦቹ ማይል በሚያጥረው በጣሊያን ማይል ስለተረዳው ምድርን በሩብ ያህል አሳነሳት። አሜሪካ በመንገዱ ላይ ባትገኝ ኖሮ ስንቁ እስያ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። ሉል ላይ ሲባጎ አስይዘው ከስፔን ወደ ምዕራብ እስከ ጃፓን እንዲዘረጉት ያድርጉ። ከዚያም በማጄላን መንገድ ይቀጥሉ፦ በመስከረም 1519 በአምስት መርከብ ተነሣ፤ በኅዳር 28 ቀን 1520 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ካለው የባሕር ወሽመጥ ወጥቶ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ገባ፤ ጉዋም የደረሰው በመጋቢት 6 ቀን 1521 ነው። በዚህ መካከል ሰዎቹ አይጥና የመርከብ ቆዳ በሉ። ማጄላን ራሱ በሚያዝያ 1521 በማክታን ደሴት ተገደለ፤ በኤልካኖ መሪነት በመስከረም 1522 የተመለሰችው ቪክቶሪያ የምትባለው አንዲት መርከብ ስትሆን 18 ሰዎች ይዛ ነበር። ኬፕ ቬርዴ ሲደርሱ እነርሱ ረቡዕ ያሉትን ቀን የአገሩ ሰዎች ሐሙስ አሏቸው፤ ከፀሐይ ጋር ወደ ምዕራብ ሲዞሩ አንድ ቀን ጎድሎባቸዋል። ልጆቹ የቱ ቀን እንደጠፋ ሲከራከሩ ጣልቃ አይግቡ።

ስለ ነፋስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ክረምትን የሚጠብቅ ገበሬ ልጅ ነፋስ ከወቅት ጋር እንደሚዞር ያውቃል። ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 ከምሥራቅ አፍሪካዋ ወደብ ከማሊንዲ፣ ባሕሩን የሚያውቅ መሪ ይዞ በወቅቱ ነፋስ ወደ ሕንድ ሲሻገር ከአራት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ፈጀበት፤ ሲመለስ ግን ያለ ወቅቱ ተነሥቶ ያንኑ ባሕር ለማቋረጥ ሦስት ወር ወሰደበት፤ ብዙ ሰዎቹም ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት በሚመጣው፣ ድድ በሚያሳብጠው በስከርቪ በሽታ አለቁ። ይህ ታሪክ «ቫስኮ ዳ ጋማ የሕንድን መንገድ አገኘ» የሚለውን አነጋገር ያርማል። መንገዱን የውቅያኖሱ ነጋዴዎች ያውቁት ነበር፤ ለአውሮፓውያን ነው አዲስ የሆነው። የአሜሪካ ደሴቶችም ሰው ይኖርባቸው ነበር፤ ከኮሎምበስ በኋላ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቁ። እኔ «አገኘ» የሚለውን ቃል ከደብተሮቻቸው አስወጥቼ «ደረሰ» አስብያለሁ።

ቀኖችን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ይጠንቀቁ። ከ1582 በፊት አውሮፓውያን ይጠቀሙበት የነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር እንደ እኛው ሳያቋርጥ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምር ስለነበር፣ በዚያ ዘመን መስከረም 1 የሚውለው በኦገስት 29፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ በ30 ነበር። ስለዚህ ኮሎምበስ በካሪቢያን የወረደበት ኦክቶበር 12 ቀን 1492 በእኛ ጥቅምት 15 ቀን 1485 ዓ.ም.፣ ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ በዛሬው መቀየሪያ ቢያሰሉት ጥቅምት 2 ይወጣና ይሳሳታል።

ከሕይወት ታሪኮቹ መካከል አንዱን ብቻ በዝርዝር ለማስጠናት የሚፈልግ ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያን ይምረጥ፤ መርከብ አዛዥ ሳይሆን ዓረብኛ የሚናገር ሰላይ ነበር። በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ እርሱንና አፎንሶ ደ ፓይቫን የሕንድን የቅመም ንግድና «ቄስ ዮሐንስ» የተባለውን ክርስቲያን ንጉሥ እንዲፈልጉ ላካቸው። ነጋዴ መስለው በሮድስ ማር ገዝተው ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ካይሮና ወደ ኤደን ሄዱ፤ በዚያም ተለያዩ። ኮቪልያ ካሊከትን፣ ጎዋን፣ ሆርሙዝንና ሶፋላን አይቶ ካይሮ ሲመለስ የጓደኛውን ሞት ሰማ፤ ለንጉሡ የሚደርስ ደብዳቤ በመልእክተኛ ልኮ የፓይቫን ሥራ ለራሱ ወሰደ። በአጼ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። ንጉሡ በ1494 ሲሞቱ ከዚያ የነገሡት አላሰናብተው አሉ፤ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት ቀረ። በ1520 በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክት በአጼ ልብነ ድንግል ፊት ሲቀርብ ያስተረጎመላቸው ይህ ሽማግሌ ነበር፤ አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የሕይወቱን ታሪክ ከአፉ ሰምቶ ጻፈው፤ ጽሑፉም በ1540 በሊዝበን ታተመ።

የእርሱን መንገድ በሉሉ ላይ በሲባጎ ሲከተሉ ቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ ሲባጎው ይጠላለፋል፤ በየከተማው መርፌ ቁልፍ እየተከሉ ማለፍ ይረዳል። የመጨረሻውን መርፌ ኢትዮጵያ ላይ ሲተክሉ የሲባጎው ጫፍ ይተርፋል፤ እኛ ቆርጠን አላስቀረነውም፣ እስካሁን ከሉሉ ላይ ተንጠልጥሎ አለ።