የጠፈር ሜክ ጌም ሲንቀራፈፍ፣ ድርግም ሲልና አልታዘዝ ሲል፦ ከደብረ ማርቆስ የጥገና ጠረጴዛ

ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሚመጡት በአንድ ዓይነት ጌም ምክንያት ነው። በነፃ የሚወርድ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ሜክ የሚባለውን ግዙፍ ሮቦት እየነዱ ጠፈር ላይ የሚዋጉበት ጌም። ልጆቹ በፍላሽ ይቀባበሉታል። ድራይቨር (ግራፊክስ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንዴት እንደሚጫን፣ ራም ስንት እንደሚበቃ እዚህ አልደግምም። ሪስታርትም አድርጋችኋል ብዬ ነው የምነሳው።

«ሜኩ ፍሬን የለውም»

ይህ ብልሽት አይደለም። ጠፈር ላይ የሚያቆም አየር የለም። ቁልፉን ብትለቁትም ሜኩ በያዘው ፍጥነት ይቀጥላል። ለማቆም በተቃራኒው አቅጣጫ ሞተር ማስነሳት ነው። አንዳንዱ ጌም ይህን በራሱ የሚሠራ ማረጋጊያ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት።

«መሀል ውጊያ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ ድርግም ይላል»

ደጋግሜ የማየው ይህን ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጌሙ እንደ ውኃ ይፈሳል። ከዚያ ፋኑ መጮህ ይጀምራል። ምስሉ ይዘገያል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ትንሽ ይሻለውና ይመለስበታል። በመጨረሻ ላፕቶፑ ምንም ሳይናገር ይጠፋል።

ሁሉም «ያላለቀ ጌም ስለሆነ ነው» ይለኛል። ቆይ፣ አንድ ነገር እዩ። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዴስክቶፑ ከተመለሰ፣ አዎ፣ ጌሙን ወይም ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ማሽኑ በሙሉ ከጠፋ ግን ሙቀት ነው፣ ወይም ኃይል ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ያዘገያል። ካልበረደለት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።

ለምን በዚህ ጌም? ጠፈር አብዛኛው ባዶና ጥቁር ነው። የሚሳል ነገር ስለሌለ ግራፊክስ ካርዱ ይቀለዋል። ገደብ ካልተደረገበት በሰከንድ 200 ወይም 300 ምስል ያወጣል። የብዙዎቻችሁ ስክሪን የሚያሳየው ግን 60 ብቻ ነው። የቀረው ልፋት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከውጊያው ይልቅ የሚያስፈራኝ ሜኑው ነው። ሜኩ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚታይበት ቦታ። ልጁ እዚያ ትቶት ቡና ሊጠጣ ይሄዳል፤ ማሽኑ ግን ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው።

«ማርቆስ ብርድ ነው፣ እንዴት ይግላል?» ትሉኛላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከቆላው የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይረዳል፣ ግን በብርዱ ተማምናችሁ አትዘናጉ።

መጀመሪያ ሴቲንግ ግቡና የፍሬም ገደብ፣ ማለትም በሰከንድ የሚወጣውን ምስል ብዛት፣ 60 ላይ አድርጉ። ያረጀ ላፕቶፕ ከሆነ 30። ገደብ የሚባል ነገር ካጣችሁ ቪሲንክ የሚለውን አብሩ፤ ምስሉን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር ያስተካክለዋል። እሱም ከሌለ የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን ሳልከፍት በዚህ ብቻ መልሼ ሰጥቻለሁ።

ካልተሻለው ይከፈትና ይጸዳ። ከፍኖተ ሰላም አንድ አባት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ እንደ ምጣድ ይግላል» አሉኝ። ስከፍተው ከፋኑ ፊት ያለው እንደ ማበጠሪያ የተደረደረው ብረት በዱቄት ተደፍኗል። «አባባ፣ ቤታችሁ የት ነው?» አልኳቸው። ወፍጮ ቤት ጎን ነበር። የጤፍ ዱቄት ከእርጥበት ጋር ተጋግሮ ደርቋል። በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ሳወጣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን ያ ልጅ ሰዓታት ይጫወታል፤ አይጠፋበትም።

ሌላዋ ተማሪ ናት። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጣ ነበር የምትጫወተው። የጋቢው ክር ፋኑ ላይ ተጠምጥሟል። እባካችሁ ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ። አየር የሚገባው ከሥር ነው። ጠረጴዛ ከሌላችሁ ጣውላ ይበቃል።

የሚያናድደኝ ግን ከቢቸና የመጣው ነው። ከኔ በፊት የከፈተው ባለሙያ ነኝ ባይ በቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፍ ቅባት) ምትክ የጥርስ ሳሙና ቀብቶበታል! የጥርስ ሳሙና ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሙቀት ማስተላለፉን ያቆማል። በሰው ንብረት እንዲህ አይሠራም። ትክክለኛው ፔስት የምስር ፍሬ ታህል ይበቃል። ስታጸዱ ፋኑን በስንጥር ያዙት፤ በአየር ግፊት በኃይል ሲሽከረከር ይበላሻል። ከመክፈታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ባትሪውን ንቀሉ።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ አሁንም ድርግም ካለ ቻርጀሩን እዩ። ተሰክቶ ሳለ ባትሪው እየቀነሰ ከሄደ ቻርጀሩ አቅም የለውም። 120 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ65 ዋት ቻርጀር ውጊያ አይችልም። ገበያ ላይ ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት የማይሰጥ የውሸት ቻርጀር ሞልቷል። በእጃችሁ መዝኑት። እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለ ከሆነ አትግዙት። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፤ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ሳትቆዩ አትሰኩ።

«ሜኩ ብቻውን ይዞራል»

ጆይስቲኩ አልቋል። ለጊዜው ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞን (ጆይስቲኩ ትንሽ ቢነቃነቅ ጌሙ የማይቆጥርበት ክልል) የሚለውን ከፍ አድርጉ።

«ሦስት ቁልፍ አብሬ ስጫን አንዱ አይሠራም»

ርካሽ ኪቦርድ የተወሰኑ ቁልፎችን አብሮ አያነብም። መተኮሻውን ወደ ማውስ፣ ፍጥነት መጨመሪያውን ወደ ሺፍት ቀይሩት።

«ጥቁር ስክሪን ብቻ»

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ጌሙ በደካማው ተነስቶ ይሆናል። ዊንዶውስ የግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ለጌሙ ከፍተኛ አቅም የሚለውን ምረጡለት።

«ከፍላሽ ገልብጬው አይከፈትም»

የፋይሉን መጠን ከሰጣችሁ ሰው ጋር አስተያዩ፤ ካነሰ ተቆርጧል። ደግሞ ጌሙ ነፃ ነው። ለነፃ ጌም «ክራክ» (የሚሸጥን ጌም ሳይከፈል የሚከፍት ፋይል) ይዤላችሁ መጣሁ የሚል ሰው ቫይረስ ነው ያመጣላችሁ። አትክፈቱት።

«ከአፕዴት በኋላ የደረስኩበት ጠፋ»

በሙከራ ላይ ባለ ጌም ይህ የተለመደ ነው። የድሮው ሴቭ በአዲሱ ላይ ላይሠራ ይችላል። አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት የሴቭ ፎልደሩን ሌላ ቦታ ገልብጡት፣ አሮጌውንም ጌም ወዲያው አታጥፉት።