ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ? ቫይረስ ከየት እንደገባ ከምልክቱ መለየትና ማስወጣት

«ማክ ቫይረስ አይነካውም»፣ «ሊኑክስ ከጫንክ ተገላገልክ» የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው ምልክቱን በዓይኑ እያየ እንዳያምን አድርጎታል። ሦስቱም ይጠቃሉ፤ የሚለያዩት በበሩ ነው። ዊንዶውስ ባብዛኛው የሚያዘው ተጠቃሚው በከፈተው ፋይል ነው፤ ማክ ባለቤቱ በራሱ እጅ በጻፈው የይለፍ ቃል፤ ሊኑክስ ደግሞ ለኢንተርኔት ተከፍቶ በተተወ አገልግሎት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው ቦታም እንደዚያው ይለያያል።

ምልክት፦ «ኮምፒዩተርዎ ተበክሏል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከስክሪኑ ጥግ በየደቂቃው ብቅ ይላል (በሦስቱም)

ብዙውን ጊዜ ይህ ቫይረስ አይደለም። አንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ይጫኑ» ብሎ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ወስዶ ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የብራውዘሩ ስም ወይም የድረ ገጹ አድራሻ አለበት። ክሮም ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ገብተው አድራሻውን ያስወግዱ። ማስጠንቀቂያው የሚያቀርበውን «ማጽጃ» ግን አይጫኑ፤ እውነተኛው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) የሚገባው ያኔ ነው።

ምልክት፦ ፍላሹ ላይ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑ (ዊንዶውስ)

ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ቫይረሱ «ሂድን» እና «ሲስተም» የሚል ምልክት ይሰጣቸውና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። አንዳንዱ ሁሉንም ጠቅልሎ ስም የለሽ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል፤ ስሙ በዓይን የማይታይ ፊደል ነው። ከሾርትከቶቹ አንዱን በቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን መስመር ይመልከቱ። የፎልደር አድራሻ ሳይሆን በሲኤምዲ (cmd) ወይም በደብልዩስክሪፕት (wscript) የሚጀምር ትእዛዝ ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሾርትከቱ ሲከፈት ፎልደሩንም ያሳያል፣ ቫይረሱንም ያስነሳል። ለወራት ከማሽን ማሽን ሲዞር ማንም የማይጠረጥረው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ 7 ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ ከልክሏል፤ ለኤክስፒና ለቪስታም በ2011 እ.ኤ.አ. አፕዴቱ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ቫይረስ የሰው ክሊክ ያስፈልገዋል፤ ሾርትከቱም ወጥመዱ ነው።

መፍትሄው ላይ ትልቁ ስህተት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ፍላሹን አጽድቶ መልሶ በታመመው ኮምፒዩተር መሰካት። ወዲያው ይያዛል። ከኮምፒዩተሩ ይጀምሩ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው በስካን ኦፕሽንስ ስር የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን ይምረጡ። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይጫን ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቫይረሱ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስላልሆነ ራሱን መከላከል አይችልም። ቀጥሎ ታስክ ማኔጀር ላይ ስታርትአፕን፣ ከዚያም ታስክ ስኬጁለርን ይመልከቱ፤ ከአፕዳታ ወይም ከቴምፕ ፎልደር ስክሪፕት የሚያስነሳ የማያውቁት ነገር ካለ ያጥፉት።

ፍላሹን የማዳን ቀላሉ መንገድ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይከተል የተደበቀው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ሰነዶችዎን ብቻ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገልብጡ፤ ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቶቹን ይተዉ። ፍላሹን ፎርማት አድርገው ሰነዶቹን ይመልሱ፤ የመደበቂያው ምልክት አብሮ አይመለስም።

ምልክት፦ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ ኢሜይልና ማኅበራዊ ገጾች ተሰረቁ (ዊንዶውስ፣ ማክም)

ክራኩ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ሲል ያጠፋችሁት የበሩን ዘበኛ ራሱን ነው። እንዲህ ያለው ማልዌር ብራውዘሩ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎችና ኩኪዎች (ድረ ገጹ እንደገቡ የሚያስታውስባቸው ትናንሽ ፋይሎች) በደቂቃዎች ውስጥ ልኮ ይጨርሳል፤ አንዳንዱ ከዚያ ራሱን ያጠፋል፣ ስለዚህ ስካን ንጹሕ ቢል አይመኑት። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በኩኪው ሌባው ያለይለፍ ቃል ይገባል። ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ሆነው ከኢሜይሉ ይጀምሩ፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። የተያዘውን ኮምፒዩተር ፎርማት ያድርጉ።

ምልክት፦ ፋይሎቹ አይከፈቱም፣ የስማቸው ቅጥያ ተቀይሯል፣ የገንዘብ ጥያቄ አለ

ራንሰምዌር ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር። የኔትወርኩን ገመድ ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ የተቆለፉትን ፋይሎች ግን አያጥፏቸው። «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው የዩሮፖል (የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም) እና የአጋሮቹ ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ነጻ መፍቻ አለው። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ሲያዳርስ የሚዘጋው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ለዊንዶውስ 10 መደበኛው ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ አፕዴት የማይደርሰውን ማሽን ኔትወርክ ላይ መተው ያንኑ መድገም ነው።

ምልክት፦ የብራውዘሩ መፈለጊያ ገጽ ተቀይሯል፣ ቢመልሱትም እንደገና ይቀየራል (ማክ)

ባብዛኛው የሐሰት አፕዴት ይዞት የመጣ አድዌር (ማስታወቂያ የሚያስገድድ ፕሮግራም) ነው። ማክ ያልታወቀ ፕሮግራምን ያስጠነቅቃል፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ከሰጠ ግን ያሳልፋል። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ጀነራል፣ ዲቫይስ ማኔጅመንት (ቀደም ባሉት ቅጂዎች ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ፕሮፋይልስ) ይግቡ። የግል ማክ ላይ እዚያ የማያውቁት ፕሮፋይል ካለ ቅንብሩን የሚመልሰው እሱ ነው፤ ያስወግዱት። ከዚያ በላይብረሪ ፎልደሮች ውስጥ ላውንች ኤጀንትስ እና ላውንች ዴመንስ የሚባሉትን ከፍተው የማይታወቀውን ይሰርዙ፣ ማሽኑን እንደገና ያስነሱ። ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ለጥፉ የሚል ገጽ ታዘው ከነበረ ግን ይህ አይበቃም፤ ከላይ ኢሜይሉ ለተሰረቀበት ሰው የተባለውን ሁሉ ያድርጉ። ማክ በይለፍ ቃል ብቻ አይደለም የሚያዘው፦ በ2012 እ.ኤ.አ. ፍላሽባክ የተባለው ማልዌር 600,000 ገደማ ማኮችን ሲይዝ በጃቫ ቀዳዳ በኩል ነበር የገባው።

ምልክት፦ ሲፒዩው ያለ ሥራ 100 በመቶ ይሠራል (የሊኑክስ ሰርቨር)

ብዙውን ጊዜ ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ገብቶ ነው። መግቢያው ወይ ቀላል የኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ የማዘዣ መንገድ) ይለፍ ቃል ነው፣ ወይ ያለ ይለፍ ቃል የተከፈተ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ በ6379 ፖርት። «ቶፕ» በሚባለው የሂደቶች ዝርዝር ላይ አይቶ መግደል ብቻውን አይሠራም፤ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው የሊኑክስ መርሐ ግብር) በደቂቃ ውስጥ ይመልሰዋል። መጀመሪያ የሁሉንም ተጠቃሚ ክሮን ያጽዱ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን የሲስተምዲ ታይመሮችንም፣ ከዚያ ሂደቱን ይግደሉ። የኤስኤስኤች ቁልፎች ዝርዝር ውስጥ የእርስዎ ያልሆነ ቁልፍ ካለ ያውጡ። ጭነቱ ከፍ ብሎ «ቶፕ» ምንም ካላሳየ ግን ሂደቱን የሚሰውር መደበቂያ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የሩት (የሲስተሙ ሙሉ አዛዥ) መብት ከተወሰደ ዳታውን ብቻ አትርፈው ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጫኑ። ኤስኤስኤች በቁልፍ ብቻ እንዲያስገባ ያድርጉ።

ራውተርና የደኅንነት ካሜራም ብዙዎቹ ሊኑክስ ናቸው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ማልዌር የያዛቸው ከፋብሪካ በመጡበት ይለፍ ቃል ነው። ሚራይ የሚኖረው በራም (በጊዜያዊው ማኅደር) ላይ ስለሆነ መሣሪያው ሲዘጋ እሱም ይጠፋል፣ ግን ይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅለው ያስነሱት፣ ይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ ቴልኔትን (ያረጀውን ከሩቅ የማዘዣ መንገድ) ይዝጉ፣ ገመዱን ከዚያ በኋላ ይሰኩ።